ክርክር፦ መሀል አዲስ አበባ ትልቅ የብስክሌት ውድድር ቢመጣ ተመልካች ይክፈል?

ፒያሳ ፔዳል
ኪጋሊ መስከረም 2018 ላይ የዓለም የመንገድ ብስክሌት ሻምፒዮናን፣ ያውም አፍሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ካዘጋጀች ወዲህ «እኛስ መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ አልበረደም። ወዲያው የሚከተለው ደግሞ ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ነው። አንዳንዶች መስቀል አደባባይን አጥሮ ትኬት መሸጥ ነው ይላሉ። እኔ በፍጹም አልስማማም። የብስክሌት ሜዳው የሕዝብ መንገድ ነው። ቀኑን ሙሉ መንገዱ የተዘጋበትን ሰው «ለማየትም ክፈል» ማለት ግፍ ነው። ቱር ደ ፍራንስ እ.ኤ.አ. ከ1903 ጀምሮ ሲካሄድ መንገድ ዳር ቆሞ ማየት በነፃ ነው። አዘጋጁ የሚተዳደረው ከቴሌቪዥን፣ ከስፖንሰርና ውድድሩን ለማስተናገድ ከሚከፍሉ ከተሞች ነው።

ሰንሰለት
ወንድሜ፣ ነፃው መቆሙ ብቻ ነው፤ እዚያ መድረሱ ያስከፍላል። ከዚህ ኪጋሊ ሄዶ ለማየት የሚወጣውን እንቁጠር። ቪዛ ለአፍሪካውያን ቀርቷል። የቢጫ ወባ ካርድ ይያዛል። ኪስ የሚያራቁቱት የአውሮፕላን ትኬትና አልጋ ናቸው። ውድድሩ ከመስከረም 11 እስከ 18 ስለነበር የሴቶቹ ዋና ውድድር ልክ የመስቀል ዕለት፣ የወንዶቹ በማግስቱ ዋለ። በበዓል ሰሞን ቀድሞ ያልቆረጠ ሰው ርካሹን ወንበር አያገኝም። አልጋ መጨረሻው መስመር ካለበት ከኮንቬንሽን ሴንተሩ ሲርቅ ዋጋው ይወርዳል፤ ነገር ግን መንገዱ አንዴ ከተዘጋ ሞተር ታክሲ አያቋርጥም። በጠዋት በሚፈልገው በኩል ያልተገኘ ሰው ዙሪያውን በእግሩ ነው የሚዞረው። ይህን ሁሉ ለውጭ አገር እያወጣን እዚሁ በታክሲ ለምንደርስበት ወንበር ጥቂት ብር ብንከፍል ምን አለበት?

የቸርችሏ
ሰንሰለት፣ ኪጋሊ የሄደው አቅም ያለው ነው። እኛ የምናወራው ከሽሮ ሜዳና ከመርካቶ በእግሩ ስለሚመጣው ልጅ ነው። ደግሞስ የከፈለው ሰው ምን ያያል? ሜዳ ላይ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር የሚበር ቡድን በሰከንድ 12.5 ሜትር ይሄዳል፤ 200 ሜትር ቢረዝም ፊትህን በ16 ሰከንድ ጨርሶ ያልፋል። ዳገት ላይ ፍጥነቱ ወደ 20 ሲወርድ ያው ቡድን 36 ሰከንድ ይፈጃል፤ እዚያ ላይ ስለሚበጣጠስ አንድ በአንድ ፊታቸውን ታያለህ። ኪጋሊ ላይ ሰው የኪሚሁሩራ ዳገት ኮብልስቶን ላይ የታጨቀው ለዚህ ነው። ወንዶቹ 15.1 ኪሎ ሜትሩን ዙር 15 ጊዜ ስለዞሩት፣ ቦታውን ያልለቀቀ ሰው ያሸነፈውን ፖጋቻርን ደጋግሞ አይቶታል፣ ሳንቲም ሳያወጣ። የእኛም ምርጥ ቦታ አደባባዩ ሳይሆን ከለገሀር በቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣው የቸርችል ዳገት ነው። በሁለቱም ወገን ሱቅና ቢሮ አለ፤ በር ላይ ትኬት ልትጠይቅ ነው?

ጋሽ ዳኛ
ልጆች፣ አጥርን እንደ ትኬት መቁረጫ አትዩት፤ ከሁሉ በፊት የደህንነት ዕቃ ነው። ዓለም አቀፉ ደንብ ከመጨረሻው መስመር በፊት ቢያንስ 300 ሜትር፣ ካለፈ በኋላ 100 ሜትር ይታጠር ይላል። አንዱ የብረት አጥር 2.5 ሜትር ከሆነ በአንድ ጎን 160፣ በሁለቱም 320 ያስፈልጋል። ከዳገቱ 1 ኪሎ ሜትር ብቻ ብታጥሩ ሌላ 800 ነው። እግሩ ወደ መንገዱ የሚወጣ አጥር አይሆንም፤ ጥግ ይዞ የሚሮጠውን ሰው ፔዳሉን ይይዘዋል። እርስ በርሱ ያልተቆለፈ ደግሞ ሲገጩት ይበተናል። እ.ኤ.አ. በ2020 ፖላንድ፣ ካቶቪትሰ ላይ ፋቢዮ ያኮብሰን ሲወድቅ አጥሩ ተበታትኖ ሕይወቱን ለጥቂት ነው ያተረፈው። ተመልካቹ በሙሉ ክብደቱ ሲደገፈውም አጥሩ ወደ መንገዱ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ከኋላው አንድ ሜትር ርቆ ገመድ ይወጠራል፣ በመካከሉ አስተናባሪ ይቆማል።

ትኬት ካላችሁ ደግሞ በር አለ። ፍተሻና ትኬት ማየት ለአንድ ሰው 10 ሰከንድ ቢወስድ አንድ በር በሰዓት 360 ሰው ያስገባል። 2 ሺህ ሰው በአንድ ሰዓት ለማስገባት ስድስት በር ትፈልጋላችሁ። ሁለት በር ከፍታችሁ ከጀመራችሁ ሰልፉ የመንገዱን አጥር ይገፋል። አደጋው የሚመጣው ከዚያ ነው።

ሰንሰለት
ጋሼ፣ የዘረዘሩት ብረት፣ ገመድና አስተናባሪ ሁሉ ገንዘብ ነው እኮ። 2 ሺህ ወንበር በ500 ብር ቢሸጥ 1 ሚሊዮን ብር ይገኛል። ስፖንሰር ቃል ገብቶ በመጨረሻው ሳምንት ቢቀርስ? የትኬት ገንዘብ ቢያንስ ቀድሞ እጅ ይገባል።

ፒያሳ ፔዳል
ችግሩ ገንዘቡ ሲጣፍጥ መስመሩንም መቀየሩ ነው። የቤልጂየሙ የፍላንደርስ ውድድር እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻውን ወደ ኦውደናርደ ወስዶ፣ የክብር እንግዶች ድንኳን የተተከለበትን የአውደ ክዋሬሞንትን ዳገት ሦስት ጊዜ እንዲያልፉበት አደረገ። ሕዝቡ የሚወደው የሄራርድስበርገን ዳገት ተሰረዘ። ደጋፊው ተቃውሞ ወጣ። ዳገቱ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ያኔም ከመጨረሻው መስመር ርቆ። እዚህስ ለወንበር ሽያጭ ሲባል ውድድሩ የቸርችልን ዳገት ትቶ መስቀል አደባባይና ቦሌ መካከል ብቻ ቢመላለስ ምን ሊታይ ነው?

የቸርችሏ
ምሳሌህ ትክክል ነው፤ ግን እዚያም ድንኳኑ ውስጥ ያልገባ ሰው መንገድ ዳር በነፃ ነው የቆመው። ቤልጂየም ውስጥ በር ላይ የሚያስከፍለው ሳይክሎክሮስ የሚባለው የብስክሌት ውድድር ነው። ዙሩ 3 ኪሎ ሜትር አካባቢ ብቻ ስለሆነ፣ ያውም ጭቃና ሣር ላይ፣ ይታጠራል። የመንገድ ውድድር እንደዚያ አይደለም። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ የመስቀል አደባባይ ደረጃ አይሸጥ። የሕዝብ ነው፣ ደመራም የሚታየው ከዚያ ነው። ከደረጃው ማዶ ጊዜያዊ መቀመጫ ይተከልና እሱ ይሸጥ፤ ከታች ያለው አንደኛ ረድፍ ግን ለአረጋውያንና ለዊልቸር ተጠቃሚዎች በነፃ ይተው።

ጋሽ ዳኛ
በዚህ እስማማለሁ፣ ልጄ። ማቋረጫውን ግን አትርሺ። ማዶ የተቀመጠ ሰው መውጣት ሲፈልግ መስመሩን በእግሩ ሊያቋርጥ አይችልም። ቀላል ባቡሩ እዚያ አካባቢ በድልድይ ላይ ስለሚሄድ መንገድ ቢዘጋም ይሠራል፤ ይሁንና ሁሉም አንድ ጣቢያ ከወረደ የጣቢያው ደረጃ ላይ ይተፋፈጋል። ትኬት የያዘው ስታዲየም ይውረድ፣ ዳገቱን የሚፈልገው ለገሀር። ይህ ትኬቱ ላይ ይጻፍ።

ሰንሰለት
ደረጃውን ትቻለሁ። ማዶው ይሸጥ። ግን ቀኑን ሙሉ መንገድ ተዘግቶበት ሥራ ለሚፈታው የታክሲ ሹፌርና የሱቅ ባለቤት ከትኬቱ ገቢ ምን ያህል ይሰጠው? እሱ ሳይወሰን ትኬት መሸጥ መጀመር የለበትም።

ፒያሳ ፔዳል
እንዲህ ከሆነ ከመዘጋቱ ሁለት ሳምንት በፊት የሚዘጋውና የሚከፈተው ሰዓት በየሱቁ በር ይለጠፍ። ውድድሩ እሑድ ቢሆን የሹፌሩም የነጋዴውም ጉዳት ይቀንሳል። ካሳውን ግን ከትኬት ሳይሆን ከስፖንሰሩ ውል ውስጥ ነው የማስገባው፤ ከሁለት ሺህ ወንበር ላይ ተቆርጦ ለቦሌ፣ ለሜክሲኮና ለፒያሳ ነጋዴ አይዳረስም።