ክርክር፦ የኮሎራዶው ታቦር ግብርን ገታ ወይስ ስሙን አስቀየረው?

አወያይ፦
የዛሬው መነሻ የኮሎራዶ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 10፣ ክፍል 20 ነው። በምህጻሩ ታቦር ይሉታል፤ የግብር ከፋዮች የመብት ሰነድ እንደ ማለት ነው፤ ከተራራው ጋር የሚያገናኘው ፊደሉ ብቻ ነው። ዳግላስ ብሩስ የተባለው የኮሎራዶ ስፕሪንግስ ሰው በ1988 እና በ1990 ሞክሮ አልቀናውም፤ በ1992 ግን መራጩ አጸደቀለት። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ የስቴቱ ወግ አጥባቂዎች እንደ ዓይን ብሌን የሚጠብቁት ሕግ ሆኗል። ዴንቨርና አውሮራ ያለው ወገናችን ድምፅ የሚሰጥበት ጉዳይ ስለሆነ እንነጋገርበት፦ እንዳለ ይቆይ ወይስ ይሻሻል? ስድብ የለም፤ ቁጥር ያለው በቁጥሩ ይምጣ።

ሚዛን፦
ይቆይ። ሕጉን ያላነበበ ሰው «ግብር መጨመርን ይከለክላል» ይላል። አይከለክልም፤ ጠይቁ ነው የሚለው። አዲስ ግብር፣ የመጠን ጭማሪ፣ ጊዜው ያለቀበትን ግብር ማራዘም፣ ሁሉም በኖቬምበር ምርጫ ለሕዝብ ይቀርባል። ጥያቄው በምን ቃል እንደሚጀምር እንኳ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ወስኗል፦ «የስቴቱ ግብር በዓመት በይህን ያህል ዶላር ይጨመር ወይ?» በካፒታል ፊደል። ለሕፃናት፣ ለመንገድ የሚለው ማባበያ ከፊት አይቀድምም፤ መጀመሪያ ዋጋው ነው። ምርጫው 30 ቀን ሲቀረው ደግሞ ማስታወቂያው በፖስታ መራጩ ቤት ይደርሳል።

ሌላው ጣሪያው ነው። ስቴቱ ይዞ ሊያስቀር የሚችለው ገቢ በየዓመቱ የሚያድገው በዴንቨር አካባቢ የዋጋ ግሽበትና በሕዝብ ቁጥር ዕድገት ልክ ነው። ከዚያ የተረፈው ለሕዝብ ይመለሳል። በ2022 ላላገባ 750፣ አብረው ለሚያስገቡ ባልና ሚስት 1,500 ዶላር ቼክ የመጣው ከዚሁ ነው። የገቢ ግብሩም ለሁሉም አንድ መጠን እንዲሆን ያስገድዳል፤ መራጩ በ2020 ከ4.63 ወደ 4.55፣ በ2022 ወደ 4.40 በመቶ አወረደው። ይህን ያህል ቁጥጥር ለሕዝብ የሰጠ ሌላ ስቴት አላውቅም።

የኔታ፦
ወንድሜ ሚዛን፣ መጠየቁ ላይ ጠብ የለኝም። ጠቤ ከጣሪያው ስሌት ጋር ነው። የዋጋ ግሽበት የሚለካው የቤተሰብን አስቤዛና የቤት ኪራይ ነው። ስቴቱ የሚገዛው ግን የሜዲኬይድ (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች የመንግሥት የጤና መድን) ሕክምና፣ የማረሚያ ቤት ጠባቂ ጉልበትና አስፋልት ነው፤ የእነዚህ ዋጋ በራሱ መንገድ ነው የሚሄደው።

በመጀመሪያው አጻጻፍ ላይ የነበረውን ጉዳት በቁጥር ላሳይህ። ጣሪያው 10 ቢሊዮን ነበር እንበል። ኢኮኖሚው ወድቆ የተሰበሰበው 8.5 ብቻ ሆነ። የሚቀጥለው ዓመት ስሌት የሚነሳው ከ8.5 ነው፤ ግሽበትና ሕዝብ ተደምረው 4 በመቶ ቢሆኑ አዲሱ ጣሪያ 8.84 ይሆናል። ኢኮኖሚው አገግሞ 10 ቢሊዮን ቢገባ 1.16 ቢሊዮኑ ይመለሳል፤ የተቆረጠው አገልግሎት ግን እንደተቆረጠ ይቀራል። ከ2001 በኋላ በነበረው ድቀት የሆነው ይኸው ነው። ለዚህም ነው ሪፐብሊካኑ ገዥ ቢል ኦወንስ ራሱ በ2005 ይህን ስሌት የሚያሻሽለውን፣ ሬፈረንደም ሲ የተባለውን የምርጫ ጥያቄ ደግፎ የቆመው። የራሱ ወገኖች ክፉኛ ተቆጡበት፤ መራጩ ግን አጸደቀው።

ሚዛን፦
የኔታ፣ ያሉት ልክ ነው፤ ግን ያ ቀዳዳ ተደፍኗል። ሬፈረንደም ሲ ካለፈ ወዲህ ጣሪያው የሚሰላው ካለፈው ዓመት ጣሪያ ነው እንጂ ካለፈው ዓመት ገቢ አይደለም፤ በድቀት ጊዜ አይወርድም። ከ20 ዓመት በፊት ስለተጠገነ ነገር ዛሬ ሕጉ አይከሰስ። መራጩም ሁልጊዜ እምቢ አይልም። በ2013 የማሪዋናን ግብር ተቀበለ። የማሪዋናው ገቢ ከተገመተው አንሶ ሳለ የስቴቱ ጠቅላላ ገቢ ማስታወቂያው ላይ ከተጻፈው ግምት በለጠ፤ ሕጉም ገንዘቡ ይመለስ አለ። በ2015 እንደገና ተጠየቀ፣ 66 ሚሊዮኑን ስቴቱ ይያዘው ብሎ ፈቀደ። በ2019 ፕሮፖዚሽን (ለመራጩ የሚቀርብ ጥያቄ) ሲሲ፣ በ2023 ኤችኤች ትርፉን እንያዘው ብለው ሲመጡ ደግሞ ከለከለ። እየለየ ነው የሚወስነው።

ጎዳና፦
ሁለታችሁም ዋናውን ዘለላችሁት። ግብር አልጨመረም፤ ክፍያ ግን ጨመረ። ከጁላይ 2022 ጀምሮ በኡበርና በሊፍት እያንዳንዱ ጉዞ ላይ ክፍያ አለ፤ ሲጀመር 30 ሳንቲም ነበር፤ መኪናው ኤሌክትሪክ ከሆነ ወይም ተሳፋሪ ከተጋራ 15። ከአፕሪል 2023 ጀምሮ ቤንዚን ላይ በጋሎን 2 ሳንቲም ተጀመረ፤ ሲደነገግ በየዓመቱ አንድ አንድ ሳንቲም እየጨመረ 8 እንዲደርስ ነው። ለዚህ ማን ድምፅ ሰጠ? ዴንቨር ውስጥ ታክሲና ራይድ የሚሠራው ወገናችን ብዙ ነው፤ ታቦር እያለ ይህ እንዴት አለፈ?

ባለ መዝገብ፦
ጎዳና፣ መልሱ ኢንተርፕራይዝ የሚባለው ነገር ውስጥ ነው። ታቦር ራሱ «የመንግሥት የንግድ ተቋም» የሆነውን ከጣሪያው ውጭ አድርጎታል። መስፈርቱ ሁለት ነው፦ በራሱ ስም ቦንድ ማውጣት የሚችል፣ ከስቴቱና ከአካባቢ መንግሥታት የሚያገኘው ድጎማ ደግሞ ከዓመት ገቢው 10 በመቶ በታች የሆነ። ይህን ካሟላ የሚሰበስበው «ክፍያ» ነው፤ የሕዝብ ድምፅም ጣሪያም አይነካውም። በ2009 የድልድዮች ኢንተርፕራይዝ ተቋቁሞ የመኪና ምዝገባ ላይ ተጨማሪ ክፍያ ሲጥል የታቦር ደጋፊዎች ግብር ነው ብለው ከሰሱ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2014 ክፍያ ነው አለ። በ2017 የሆስፒታሎች ክፍያም እንዲሁ ወደ ኢንተርፕራይዝ ተዛወረ።

ወግ አጥባቂዎቹ ዝም አላሉም። በ2020 ፕሮፖዚሽን 117ን አሳለፉ፦ በመጀመሪያ አምስት ዓመቱ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ በክፍያ የሚሰበስብ አዲስ ኢንተርፕራይዝ በሕዝብ ድምፅ ይቋቋም። በዓመቱ የመጣው የ2021 የትራንስፖርት ሕግ ግን አንድ ትልቅ ተቋም በመክፈት ፋንታ አራት አዳዲስ ትንንሾችን ከፈተ። ውጤቱን ለማየት ሕጉ በመኪና በሚላክ ትዕዛዝ ላይ የጣለውን የዕቃ ማድረሻ ክፍያ መበተን ይበቃል። ሲጀመር 27 ሳንቲም ነበር፤ ስድስት ቦታም ተከፋፈለ፦ ለመንገድ 8.4፣ ለቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያዎች 6.9፣ ለንጹሕ የድርጅት መኪኖች 5.3፣ ለሕዝብ ማመላለሻ 3፣ ለድልድይና ዋሻ 2.7፣ ለአየር ብክለት 0.7። አንዲት ሳንቲም የማትሞላው 0.7 እንኳ የራሷ ኢንተርፕራይዝ አላት።

ሱቅ ያላችሁ ይህን ያዙ፦ ክፍያው በትዕዛዝ እንጂ በዕቃ ብዛት አይደለም፤ ከትዕዛዙ አንዱ ዕቃ የሽያጭ ታክስ የሚከፈልበት ከሆነ ይመጣል። በ2023 በወጣው ማሻሻያ የችርቻሮ ሽያጩ በዓመት 500,000 ዶላርና ከዚያ በታች የሆነ ነጋዴ ነፃ ነው። ብዙ ትንንሽ ሱቆች ሳያውቁ ደንበኛን ያስከፍላሉ፤ ያስከፈለ ደግሞ ገንዘቡን ኪሱ ማስቀረት አይችልም፣ በቅጽ ዲአር 1786 ማስገባት አለበት።

የኔታ፦
ባለ መዝገብ በደንብ አስረዳን፤ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ክፍያው ከሰማይ አልወረደም። የኮሎራዶ የቤንዚን ታክስ ከ1991 ጀምሮ በጋሎን 22 ሳንቲም ነው። አንድ ጊዜ አልተነካም። አስፋልቱ፣ ማሽኑ፣ የሠራተኛው ቀን ክፍያ ስንት እጥፍ ሆነ? በ2018 ሁለት አማራጭ ቀረበ፦ ፕሮፖዚሽን 110 የሽያጭ ታክስ በ0.62 በመቶ ጨምሮ መንገድ መሥራት፣ 109 ደግሞ የወግ አጥባቂዎቹ፣ ያለ አዲስ ግብር በብድር መሥራት። መራጩ ሁለቱንም ጣላቸው። ጉድጓዱ ግን ድምፅ አይጠብቅም። ግልጽ የሆነውን በር ስትዘጋው ሥራው በጓሮ ይገባል፤ የጓሮው ደግሞ ለድሃው ይብሳል፣ የኡበርና የሊፍቷ ክፍያ ከአጭር ጉዞም ከረጅም ጉዞም እኩል ነው የምትቆረጠው።

ሚዛን፦
በዚህ የመጨረሻው ነጥብ እስማማለሁ። ታዲያ መፍትሔው የፊተኛውን በር መስበር ሳይሆን የጓሮውንም መዝጋት ነው። 117 መጠንን ገደበ፤ መበተንን በቂ አድርጎ አልገደበም። በአንድ ሕግ የሚቋቋሙ ኢንተርፕራይዞች ገቢያቸው ተደምሮ ይታይ የሚል ጥርት ያለ አንቀጽ ያስፈልጋል።

ፊርማ፦
እንዲህ ያለ አንቀጽ ለማስመረጥ የሚያስፈልገውን ልንገራችሁ፤ ብዙ ሐሳብ የሚሞተው እዚህ ነው። ረቂቁ መጀመሪያ ለምክር ቤቱ ሠራተኞች ገብቶ በግልጽ ስብሰባ አስተያየት ይሰጥበታል። ቀጥሎ ሦስት አባላት ያሉት የርዕስ ቦርድ አንድ ጉዳይ ብቻ መያዙን አይቶ ርዕስ ያወጣለታል። «ክፍያም ይገደብ፣ ግብርም ይቀነስ» ካላችሁ እዚያው ሊወድቅ ይችላል። ካለፈ ፊርማ ለመሰብሰብ ስድስት ወር አለ።

እስከ 2026 ላለው ጊዜ የሚፈለገው 124,238 ትክክለኛ ፊርማ ነው። ሕገ መንግሥት የሚነካ ከሆነ ከ35ቱም የሴኔት ወረዳዎች ከተመዘገበው መራጭ 2 በመቶ፣ ምርጫው ላይም 55 በመቶ ድምፅ ይጨመራል። ለመሻር ብቻ ከሆነ ግን ተራ አብላጫ ይበቃል፤ ታቦርን ጠቅልሎ መሻር አንድ ጉዳይ ነው ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019 ወስኗልና የታቦር ደጋፊዎች ይህን አትርሱ።

ማጣሪያው በናሙና ነው፤ ከቀረበው 5 በመቶው ይታያል። ስሌቱ ከሚፈለገው 90 በመቶ በታች ከወጣ ይወድቃል፣ ከ110 በላይ ከሆነ ያልፋል፣ በመሐል ከሆነ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሩቡ ይበላሻል ብላችሁ ካሰባችሁ 182,000 ያህል ካላመጣችሁ 110ን አታልፉም። የሚበላሸው በምንድን ነው? በመዝገቡ ካለው አድራሻ የተለየ አድራሻ፣ በመኖሪያ ቤት ፋንታ የፖስታ ሣጥን፣ ሁለቴ መፈረም፣ ሰብሳቢው መሐላውን ኖተሪ ፊት ከፈረመ በኋላ የተጨመረ ፊርማ። ከሁሉ የከፋው ግን ሙሉ የፊርማ ጥራዙን የሚጥለው ነው፦ ስቴፕሉ ተነቅሎ መሐላው ከፊርማዎቹ የተለየበት ጥራዝ። ፎቶ ኮፒ ለማንሣት ብሎ ስቴፕል የነቀለ ሰው የሳምንት ሥራ ሊያጠፋ ይችላል።

ግሪን ካርድ ብቻ ያላችሁ ወገኖች ደግሞ አትፈርሙ። መፈረም የተመዘገብኩ መራጭ ነኝ ማለት ነው፤ ዜግነት ስታመለክቱ መዘዝ ሊያመጣ ይችላል።

ፊርማው ምርጫ ሳይደርስም ይሠራል። በ2024 የንብረት ግብርን የሚገድቡት ቁጥር 50 እና 108 የምርጫ ጥያቄዎች ሲዘጋጁ ገዥው በኦገስት ልዩ ጉባኤ ጠራ፤ ምክር ቤቱ የአካባቢ መንግሥታትን የንብረት ግብር ዕድገት በዓመት 5.25፣ የትምህርት ቤቶችን 6 በመቶ ላይ ገደበ፤ አቅራቢዎቹም ጥያቄዎቹን አነሱ።

ጎዳና፦
ቼኩስ? ብዙ ሰው አልደረሰኝም ይላል።

ባለ መዝገብ፦
ትርፍ ካለ ብቻ ነው የሚመለሰው፤ መንገዱም በየዓመቱ ይለያያል። የ2022ቱ ቼክ ነበር፤ አሁን በስቴት ታክስ ቅጹ፣ በዲአር 0104 ላይ ነው የሚጠየቀው። የገቢ ግብር የማይመጣበት ሰው «ምን አገባኝ» ብሎ ፋይል ሳያደርግ ይቀራል፤ «የሽያጭ ታክስ ተመላሽ» የሚባለው ይኸው ገንዘብ ግን ዓመቱን ሙሉ ነዋሪ ለነበረና 18 ለሞላው ሁሉ ነው። ገቢ የሌላቸው እናትና አባት አብረዋችሁ ካሉ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ በየስማቸው ፋይል አድርጉላቸው።