ሁለት ክቦችን በትክክል ነክቶ የሚያልፍ መስመር እንዴት ይሳላል?

መስመረኛዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ መስመር ላይ ተቀምጫለሁ፤ የምታውቁ እርዱኝ።

ሥራው ለማስተማሪያ የሚሆን ሥዕል ነው፤ በቺንጋ የተያያዙ ሁለት ፑሊዎች። የትልቁ ክብ ሬዲየስ 70 ሚሊሜትር፣ የትንሹ 20፣ በመሃሎቻቸው መካከል ያለው ርቀት ደግሞ 130 ነው። የምሠራው ኢንክስኬፕ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ነው። ቺንጋው ትልቁን ክብ ነክቶ ተነሥቶ ትንሹን ነክቶ ማለፍ አለበት። ክቡን ሊቆርጠው አይገባም፣ ከክቡም ሊርቅ አይገባም። እስካሁን ያደረግሁት መስመሩን በግምት ማስቀመጥ፣ 6400 በመቶ አጉልቶ ማየት፣ አንዱን ጫፍ በጥቂቱ መግፋት፣ ከዚያ ሌላውን ጫፍ መመለስ ነው። በስክሪን ላይ ያማረ ይመስላል። ፋይሉን ለቆራጭ ማሽን ልኬው ተቆርጦ ሲመጣ ግን መስመሩና ክቡ በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ ትንሽ ጥርስ አለው። ጣቴን ሳሳልፍበት ይሰማኛል። ቆራጮቹ «ጥፋቱ የፋይሉ ነው» አሉኝ፤ መልሼ ሳየው እውነታቸውን ነው።

መስመሩ ክቡን የሚነካበትን ነጥብ ከዓይን ግምት ወጥቼ በእርግጠኝነት የማገኝበት መንገድ አለ?

ፈጣን እጅ፦

አለ እንጂ። በኢንክስኬፕ የስናፕ (ጠቋሚውን ነጥብ ላይ የሚያጣብቀው) ዝርዝር ውስጥ ቀጤ ነክ (90 ዲግሪ የሚሠራ) እና ታንጀንት (ክቡን ነክቶ የሚያልፍ) የሚባሉ ሁለት ምርጫዎች ታገኛለሽ። ታንጀንቱን አብሪው፣ በብዕሩ መሣሪያ ከክቡ ውጭ አንድ ነጥብ ላይ ጠቅ አድርጊ፣ ከዚያ ጠቋሚውን ወደ ክቡ ጠርዝ ውሰጂው፤ ራሱ ነጥቡ ላይ ይጣበቃል። ሌላው የሥዕል ፕሮግራም ኮረልድሮውም ከዕቃ ጋር በሚያጣብቅባቸው መንገዶች ውስጥ ታንጀንት አለው።

መስመረኛዋ፦

አመሰግናለሁ፣ ሞከርኩት። ከአንድ የታወቀ ነጥብ ሲነሣ በሚገባ ይሠራል። የእኔ መስመር ግን የታወቀ ጫፍ የለውም፤ በሁለቱም በኩል የመነኪያውን ነጥብ የምፈልገው እኔው ነኝ። አንዱን ጫፍ በግምት ካስቀመጥሁት ሌላው ከዚያ ግምት ጋር በትክክል ይጣበቃል፤ ጥርሱም በግምቱ በኩል ይቀራል።

የድሮ ነዳፊ፦

እህቴ፣ ዓይንሽን አትውቀሺ። እኔ ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት በንድፍ ጠረጴዛ ላይ በኮምፓስና በማስመሪያ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ይህን ነጥብ በዓይኑ የሚያገኝ ሰው አላየሁም። ምክንያቱ ቁጥሩ ነው። ሬዲየሱ 70 በሆነ ክብ ላይ መስመሩ ከመነኪያው ነጥብ 1 ሚሊሜትር ሲርቅ በእርሱና በክቡ መካከል ያለው ክፍተት 0.007 ሚሊሜትር ብቻ ነው። 5 ሚሊሜትር ርቀሽም ገና 0.18 ነው። ስለዚህ ዓይን በዚያ አካባቢ ያለውን ሁሉ «ነክቷል» ብሎ ይቀበላል። ነጥቡ ግን 1 ሚሊሜትር ሲንሸራተት አቅጣጫው 0.8 ዲግሪ ያህል ይዛባል፤ ጣትሽ ያገኘው ያንን ነው።

አሁን ሥዕሉን በሐሳብሽ ያዢው። ክብን የሚነካ መስመር ወደ መነኪያው ነጥብ ከተሳለው ሬዲየስ ጋር ሁልጊዜ 90 ዲግሪ ይሠራል። ያንቺ መስመር ደግሞ ሁለቱንም ክቦች ስለሚነካ ሁለቱም ሬዲየሶች ለአንዱ መስመር ቀጤ ነክ ናቸው፤ እንግዲያውስ እርስ በርሳቸው ትይዩ ናቸው። ከትንሹ ክብ መሃል ተነሥተሽ ከቺንጋው ጋር ትይዩ መስመር እስከ ትልቁ ሬዲየስ ድረስ ብትስቢ ቀጤ ማዕዘን ያለው ጎነ ሦስት ይወጣል። ረጅሙ ጎኑ 130 ነው። አጭሩ 70 ሲቀነስ 20፣ ማለትም 50 ነው። ሦስተኛው ጎን የቺንጋው ቀጥተኛ ክፍል ርዝመት ነው፤ የ130 ስኩዌር 16900 ሲቀነስ የ50 ስኩዌር 2500 ይሆናል 14400፣ ስኩዌር ሩቱ 120። ቁጥሮችሽ እንዲህ ሙሉ ሆነው መውጣታቸው ደስ ይላል፤ ለመፈተሽ ይጠቅምሻል። ቺንጋው መሃሎቹን ከሚያገናኘው መስመር ጋር የሚሠራው አንግል የ50 ለ130 ተገላቢጦሽ ሳይን ነው፣ 22.62 ዲግሪ።

በጠረጴዛው ላይ ቢሆን በትልቁ ክብ መሃል ሬዲየሱ 50 የሆነ ረዳት ክብ፣ በሁለቱ መሃሎች መካከል ደግሞ ዲያሜትሩ 130 የሆነ ሌላ ክብ በኮምፓስ እንስልና የተቆራረጡበትን ነጥብ እንወስድ ነበር። ከዚያ መስመሩን በሁለት ማስመሪያዎች 20 ሚሊሜትር ወደ ውጭ እናንሸራትታለን። በኮምፒውተር ላይ ግን ከዚህ የሚያጥር መንገድ አለ፤ እኔ ካወቅሁት በኋላ ሌላ ተጠቅሜ አላውቅም።

ሁለቱንም ክቦች ወደ ፓዝ፣ ማለትም በነጥቦች ወደሚመራ መስመር፣ ለውጪያቸው። እያንዳንዱ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ አራት ኖድ (የመስመሩ መያዣ ነጥብ) ይኖረዋል። ትልቁ በግራ፣ ትንሹ በቀኝ ከሆነ እያንዳንዱን ለብቻው መርጠሽ በትራንስፎርም ሳጥኑ በኩል በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ 22.62 ዲግሪ አዙሪው። ክብ ስለሆነ በዓይን ምንም አይለወጥም። ነገር ግን ከላይ የነበሩት ሁለት ኖዶች ተንሸራትተው ልክ መነኪያው ነጥብ ላይ ይቀመጣሉ። የኖድ ስናፕን አብርተሽ ከኖድ ወደ ኖድ መስመር ሳቢ። ለታችኛው መስመር ሁሉንም አብረሽ ኮፒ አድርጊና ከላይ ወደ ታች ገልብጪው።

ይህን መንገድ የምወድበት አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለኝ። ወደ ፓዝ የተለወጠ ክብ እውነተኛ ክብ አይደለም፤ ከአራት የቤዚዬ ኩርባዎች የተገጠመ ነው። ከእውነተኛው ክብ ቢበዛ 0.027 በመቶ ያህል ያብጣል፤ በ70 ሚሊሜትር ላይ ይህ ወደ 0.02 ሚሊሜትር ይጠጋል። በኖዶቹ ላይ ግን ስሕተቱ ዜሮ ነው፤ ከኖዱ የሚወጣው፣ የኩርባውን አቅጣጫ የሚመራው እጀታም ራሱ ታንጀንቱ ነው። መስመርሽና እጀታው በአንድ አቅጣጫ ሲተኙ ጥርስ የሚወጣበት ቦታ የለም። እነዚህ ኩርባዎች እኮ መጀመሪያ የተሠሩት በፈረንሳይ መኪና ፋብሪካዎች ነው፤ ደ ካስቴልዦ በሲትሮኤን፣ ቤዚዬ በሬኖ። የመኪና አካል ላይ ስብራት እንዳይታይ የደከሙ ሰዎች ናቸውና እጀታውን እመኚው።

ቺንጋው ተጣምሮ፣ ማለትም በመሃል ተሻግሮ እንደ 8 ቅርጽ፣ የሚያልፍ ከሆነ ሬዲየሶቹን ትደምሪያቸዋለሽ፤ 90 ለ130፣ አንግሉ 43.81 ዲግሪ። ያን ጊዜ የትልቁን የላይ ኖድ ከትንሹ የታች ኖድ ጋር ታገናኚያለሽ።

ባለ ሞላላው፦

ጋሼ፣ እግረ መንገዴን ልጠይቅዎት። የእኔ ፑሊዎች በጎን የሚታዩ ስለሆኑ ኤሊፕስ ናቸው። እነርሱን ማዞር አልችልም፤ ሳዞራቸው ቅርጹ ራሱ ይጋደማል። እንዴት ላድርግ?

የድሮ ነዳፊ፦

ሁለቱ ኤሊፕሶች መጠናቸው ቢለያይም የስፋትና የቁመት ምጣኔያቸው አንድ ከሆነና ወደ አንድ አቅጣጫ ከተኙ ቀላል ነው። ሁሉንም አንድ ላይ ሰብስበህ ክብ እስኪሆኑ ድረስ በአንድ አቅጣጫ ለጥጣቸው፣ ታንጀንቱን በክቦቹ ላይ ሥራ፣ ከዚያ በዚያው መጠን መልሰህ ጫናቸው። ቅርጽ ሲለጠጥ ወይም ሲጫን ርዝመትና አንግል ይለወጣል፣ መነካካት ግን አይለወጥም። ምጣኔያቸው የተለያየ ከሆነ ሁለቱ ባንድ ጊዜ ክብ ስለማይሆኑ ይህ አይሠራም።

መስመረኛዋ፦

ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። ርዝመቱን ስለካው 120.01 አገኘሁና በጣም ደስ አለኝ። ሆኖም አጉልቼ ሳየው መስመሩና የኖዱ እጀታ በአንድ አቅጣጫ አልተኙም። የመስመሩ አንግል 21.9 ነው የሚለው፤ 22.62 አይደለም። ሁለት ጊዜ ደግሜ ሠራሁት፣ ያው ነው። ምን አጠፋሁ?

የድሮ ነዳፊ፦

የክቦቹን መጠን በቁጥር ሳጥኑ ውስጥ 140 እና 40 ብለሽ ስትጽፊ የጠርዛቸው ውፍረት ስንት ነበር?

መስመረኛዋ፦

የትልቁ 4 ሚሊሜትር፣ የትንሹ 1።

የድሮ ነዳፊ፦

ተገኘ። ኢንክስኬፕ ካልለወጥሽው በስተቀር የሚለካው የሚታየውን ነው፣ ከነጠርዙ ውፍረት። 140 ስትዪው ፓዙ 136 ሆነ፣ 40 ስትዪው 39 ሆነ። ስለዚህ እውነተኛዎቹ ሬዲየሶች 68 እና 19.5 ናቸው፤ ልዩነታቸው 50 መሆኑ ቀርቶ 48.5 ሆኗል። ርዝመቱ በመቶኛ ሚሊሜትር ብቻ ስለተዛባ አታለለሽ። የሁለቱ ውፍረት እኩል ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ 50 ሆኖ ይቀር ስለነበር አንግሉም ትክክል ይወጣ ነበር፤ ያንቺ የተለያየ መሆኑ ስሕተቱን አጋለጠው። በምርጫዎች ውስጥ የመለኪያውን ድንበር ከሚታየው ወደ ጂኦሜትሪው ቀይሪው። ይህን ካልፈለግሽ ጠርዙን አጥፊና መጠኑን ጻፊ፣ ከዚያ ጠርዙን መልሺው። የማሽኑ ቢላ የሚከተለው ፓዙን ነው እንጂ ውፍረቱን አይደለም።

መስመረኛዋ፦

ቀየርሁት። ርዝመቱ 120፣ አንግሉ 22.62፣ እጀታውና መስመሩም አንዱ በሌላው ላይ ተኝተዋል። ዛሬ ተቆርጦ መጣልኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ጣቴን በጠርዙ ላይ ሳዞር መስመሩ የት አልቆ ክቡ የት እንደጀመረ ለማወቅ አልቻልኩም። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አሁን የተጣመረውን ቺንጋ ልጀምር ነው።