ሞተሩ የተቀየረ አሮጌ ፒክአፕ ልንገዛ ነው፤ ምኑን እንመርምር?

ጥያቄ፦ የአትክልት ነጋዴ፣ መርሳ

እንዴት ሰነበታችሁ? ከቆቦና ከመርሳ ሽንኩርትና ቲማቲም እየገዛሁ ደሴ አከፋፍላለሁ። እስከ ዛሬ የምጭነው በኪራይ መኪና ነው፤ ኪራዩ ትርፌን እየበላው ስለተቸገርኩ ከወንድሜ ጋር ገንዘብ አዋጥተን አሮጌ ቶዮታ ሂሉክስ ልንገዛ ነው። ነጠላ ጋቢና፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የ1991 ሞዴል ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ የቤንዚን ነበር፤ አሁን ግን 3 ኤል የሚባለው የናፍጣ ሞተር ገብቶለታል። ሊብሬው ላይ ነዳጁ አሁንም ቤንዚን ነው የሚለው፤ የሞተሩም ቁጥር የድሮው ነው። ሻጩ «ስም ስታዛውሩ አብሮ ይስተካከላል» ይላል። ዋጋው ከመሰሎቹ በሩብ ያህል ይቀንሳል። ወንድሜ ከተማ ውስጥ ነድቶት ፍሬኑ ጠንከር ይላል ቢለው፣ «ሸራው አዲስ ስለሆነ ነው» አለን። እስከ ሰኞ ቀብድ ካልሰጠነው ለሌላ ሰው እንደሚሸጠው ነግሮናል። ያለን ገንዘብ ይኸው ብቻ ነው፤ የምታውቁ እባካችሁ ምከሩን።

መልስ፦ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ፣ ሐይቅ

አብሽሪ እህቴ። ሞተር ተቀየረ ማለት መኪናው ተበላሸ ማለት አይደለም። የእኔ ሂሉክስ የተወለደው በ2 ኤል ሞተር ነው። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ሲሰነጠቅ 3 ኤል አስገባሁበት፤ ይኸው ስምንት ዓመት ሲሚንቶና ቆርቆሮ እየጫንኩበት ነው። ልዩነቱ ግን የእኔ ከናፍጣ ወደ ናፍጣ፣ ያውም ከአንድ ቤተሰብ ሞተር ወደ ሌላው መሆኑ ነው። የሞተሩን ወረቀት ይዤ ሊብሬውን ያስተካከልኩትም በዚያው ወር ነበር። የእናንተ ከቤንዚን ወደ ናፍጣ ስለሆነ ሥራው ብዙ ነው፤ ማን እንደሠራው ጠይቁ።

መልስ፦ መካኒክ፣ ኮምቦልቻ

ያነሳሽው ፍሬን ስላስጨነቀኝ ከእሱ ልጀምር። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ በራሱ የሚፈጥረው ባዶነት አለ፤ ፔዳሉን ለእግር የሚያቀለው ክብ ታምቡር የሚሠራው በዚያ ነው። የናፍጣ ሞተር ይህ የለውም። ስለዚህ ቶዮታ ከዲናሞው ኋላ አየር የምትስብ ትንሽ ፓምፕ አድርጎለታል፤ ከእሷ የሚነሳ ቱቦ ወደ ታምቡሩ ይሄዳል። ሞተር የቀየረው ሰው ይህችን ፓምፕ ከተዋት፣ ወይም ቱቦዋን በትክክል ካላገናኘ፣ ፍሬኑ ይይዛል ግን ድንጋይ ይሆናል። ከተማ ውስጥ ባዶውን ሲነዳ ብዙም አይታወቅም። አሥር ኩንታል ጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ ግን የሰው ሕይወት ነው የሚያልፈው። አዲስ ሸራ ፔዳል አያጠነክርም።

ሁለተኛው መታወቂያው ነው። ከኮፈኑ ሥር የተለጠፈውን ሰሌዳ አንብቡ፤ የሞዴሉ መለያ በ«ኤልኤን» ከጀመረ ከመነሻው ናፍጣ ነው፤ በ«ዋይኤን» ወይም በ«አርኤን» ከጀመረ ቤንዚን ነበር። የሻንሲው ቁጥር በቀኝ የፊት ጎማ በኩል ሻንሲው ላይ ተመትቷል፤ ጭቃውን በብሩሽ አስለቅቁና ከሊብሬው ጋር በፊደል በፊደል አስተያዩ። ቁጥሩ ዙሪያ የሞረድ ወይም የብየዳ ምልክት ካያችሁ ትታችሁ ሂዱ።

ቀጥሎ ሱፖርቶዎቹን እዩ። ሞተሩ የተቀመጠበት ብረት በሥርዓት ተቆርጦ በብሎን የታሰረ ነው ወይስ ብየዳ በብየዳ ላይ የተደራረበ? የናፍጣ ሞተር ይከብዳል፤ ንዝረቱም ኃይለኛ ነው፤ ደካማ ብየዳ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ከናፍጣ ፖምፓው ትርፉን ወደ ታንከሩ የሚመልስ መስመር መኖሩን አረጋግጡ። ራዲያተሩ የቤንዚኑ ከሆነ ዳገት ላይ ሙቀቱ ይነሳል። የ3 ኤል እመቃ (አየሩን ሲሊንደር ውስጥ የሚጨምቅበት መጠን) 22 እጥፍ ስለሆነ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) ለማዞር ጠንካራ ባትሪ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ ሞተሩ የሚመጣው ከሚኒባስ ነው፤ የዘይቱ ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ዘይቱ የሚጠራቀምበት ሳህን) ለፒክአፑ እንዲመች ተቀይሮ ከሆነ ጠርዙ ላይ ዘይት ያንጠባጥብ እንደሆነ እዩ።

የታይሚንግ ቺንጋው (የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው) መቼ እንደተቀየረ ካልታወቀ፣ የገዛችሁ ዕለት አስቀይሩት። በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር መቀየር ያለበት ነው፤ ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን ተጋጭተው ሞተሩን ይጨርሱታል።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። ፓምፗ መሥራቷን እኛ ራሳችን ማወቅ እንችላለን?

መልስ፦ መካኒኩ፣ ኮምቦልቻ

ትችላላችሁ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፍሬኑን አምስት ስድስት ጊዜ ርገጡት፤ ይጠነክራል። እግር ሳታነሡ ሞተሩን አስነሡ። ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር ትንሽ ዝቅ ካለ ይሠራል። ካልነቃነቀ አይሠራም።

መልስ፦ ጡረታ የወጣ ሹፌር፣ ደሴ

ልጄ፣ መኪና የሚፈተነው ሜዳ ላይ አይደለም። ጠዋት ሳይነሣ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆኑን በእጅሽ ኮፈኑን ዳስሰሽ፣ በፊትሽ ያስነሡት። ቀድመው አሙቀው ከጠበቁሽ ሌላ ቀን ተመለሺ። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ሳይሞቅ ክፈቱ፤ ተነሥቶ ሲሠራ ውኃው ያለማቋረጥ አረፋ የሚደፍቅ ከሆነ ቴስታታው ወይም ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ችግር አለበት። የዘይት ክዳኑ ሥር እንደ ወተት የነጣ ነገር ካለም ውኃና ዘይት ተገናኝተዋል።

ከዚያ ጭነሽ ነው የምትሞክሪው። ከውርጌሳ ወደ ውጫሌ፣ ከሐይቅ ወደ ደሴ ያለው ዳገት ይበቃል፤ እኔ በዘመኔ መኪና የምፈትነው ከኮምቦልቻ ሐረጎን ሳወጣ ነበር። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ ዳገት ላይ ትንሽ ጥቁር ጭስ አያስደንግጥሽ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መብላት ነው፤ ሞቆም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ውኃ ነው። ቁልቁለቱን በሦስተኛ ማርሽ ውረዱት፤ ማርሹ እየተፈናጠረ ከወጣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አልቋል።

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ፣ ወልድያ

ከመካኒኩ ምክር ያላነሰ የወረቀቱ ነገር ያሳስበኛል። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ብሎኩ ላይ ካለው ካልገጠመ፣ ለዓመታዊ ምርመራና ለቦሎ ስትቀርቡ ጥያቄው የሚነሣው ባለቤት በሆነው ሰው ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ ባለቤቷ አንቺ ነሽ። ሞተሩ ከየት መጣ? ተገዝቶ የገባ ከሆነ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን፣ ከሌላ መኪና የወጣ ከሆነ የዚያን መኪና ማስረጃና የሽያጭ ውል ጠይቁ። ከተሰረቀ መኪና የወጣ ሞተር ሆኖ ቢገኝ ገንዘባችሁም መኪናችሁም ይሄዳል። የሞተር ለውጡን በራሱ ስም መንገድ ትራንስፖርት ሄዶ ማስመዝገብ የሻጩ ሥራ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ስም ይዛወር። መኪናው የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት ዕገዳ እንደሌለበትም እዚያው አጣሩ።

ስለ ቀብዱ፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። እንግዲህ ሰኞ ከፍለሽ ማክሰኞ ችግር አግኝተሽ ብትመለሺ ገንዘቡ ቀረ ማለት ነው። የግድ የምትሰጡ ከሆነ «የሞተሩ ቁጥር ተመዝግቦ ሊብሬው ካልተስተካከለ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል ቃል ውሉ ውስጥ ይግባ።

ጠያቂዋ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እሑድ ጠዋት ከወልድያ መካኒክ ይዘን ሄድን። ወንድሜ ፍሬኑን እንደተባለው ረግጦ ሞተሩን አስነሣው፤ ፔዳሉ ንቅንቅ አላለም። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ከፓምፗ የሚነሣውን ቱቦ በጣቱ ተከተለ። ጫፉ በአሮጌ ብሎን ተደፍኖ፣ በጎማ ቁራጭ ተጠቅልሎ በሽቦ ታስሯል። ፓምፗ ዘይት ትተፋ ስለነበር ነው የዘጉት አለን። ሻጩ ደንግጦ «እኔም የገዛሁት እንዲሁ እንዳለ ነው» አለ፤ አመንኩት፤ በእሱም ልጆቹን ይዞ ሲመላለስ ኖሯል። የሞተሩ ወረቀት ስንለው ግን ያወጣው ቁጥር የሌለበት በእጅ የተጻፈ ደረሰኝ ነው።

ቀብዱን አልሰጠንም። ፍሬኑን አሠርቶ ሞተሩን በስሙ ካስመዘገበ ተመልሰን እንደምንነጋገር ነግረነው፣ ሁለት ሳምንት ጠይቆናል። ወልድያ ደግሞ በ«ኤልኤን» የሚጀምር አንድ አለ ተብለናል፤ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ቅዳሜ ጠዋት ሳያሞቁት እንድናየው ተቀጣጥረናል። ለሐሙሱ ሽንኩርት የኪራይ መኪናውን ይዣለሁ።