የቡናው ከረጢት ጥያቄ፦ ት.ጋ.አ (ትልቁ የጋራ አካፋይ) ነው ወይስ ት.ጋ.ብ (ትንሹ የጋራ ብዜት)?

አዌቱ ዳር፦ ጤና ይስጥልኝ። የ6ኛ ክፍል የቤት ሥራ ነው። «አንድ የጅማ ነጋዴ 84 ኪሎ የታጠበ ቡናና 126 ኪሎ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) አለው። ሳይቀላቅል፣ ምንም ሳያስተርፍ፣ እኩል በሚይዙ ከረጢቶች ቢሞላ አንዱ ከረጢት ቢበዛ ስንት ኪሎ ይይዛል? ስንት ከረጢትስ ይፈልጋል?» ልጁ ትንሹን የጋራ ብዜት ፈልጎ 252 አመጣ። የቱን መቼ እንደሚጠቀም እንዴት ላስረዳው?

ጅሬን ማዶ፦ ቡናው ተደምሮም 210 ኪሎ ነው፤ 252 ኪሎ ከየት ይመጣል? ያለው ነገር እኩል እኩል ሲከፋፈል መልሱ ከትንሹ ቁጥር፣ እዚህ ከ84፣ ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ ትልቁ የጋራ አካፋይ ነው። አንዱ ሚኒባስ በየ12፣ ሌላው በየ18 ደቂቃ ከመነኻሪያ ይወጣል፤ አሁን አብረው ከወጡ ዳግመኛ መቼ አብረው ይወጣሉ ከተባለ ግን ት.ጋ.ብ ነው፤ ከ36 ደቂቃ በኋላ።
ስሌቱ፦ 126 ለ84 ሲካፈል 42 ይቀራል። 84 ለ42 ሲካፈል ምንም አይቀርም። ሳያስተርፍ ያካፈለው የመጨረሻው ቁጥር ት.ጋ.አ ስለሆነ መልሱ 42 ኪሎ፤ 2 ከረጢት የታጠበ፣ 3 ከረጢት ጀንፈል፣ በድምሩ 5።

ቾክ፦ በደረጃ የሚያካፍሉ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው፦ ለ2 (42፣ 63)፣ ለ3 (14፣ 21) ብለው ያቆሙና 6 ይላሉ። 14 እና 21 ገና ለ7 ይካፈላሉ። 2×3×7=42። ገበያ ላይ 42 ኪሎ የሚባል ከረጢት አትፈልጉ እንጂ! ለውጭ ገበያ በሚውለው ባለ 60 ኪሎ ጆንያ ቢሞላ ከታጠበው 24፣ ከጀንፈሉ 6 ኪሎ ይተርፋል።

ግንበኛው፦ ወለልም ያው ነው። 4.2 ሜትር በ3.6 ሜትር ክፍል ሴራሚክ ሳይቆረጥ እንዲነጠፍ መጀመሪያ ወደ ሳንቲሜትር ይቀየር፦ 420 እና 360፣ ት.ጋ.አ 60። ባለ 60 በ60፣ 7×6=42 ሴራሚክ። ሥራው ላይ ግን በሴራሚኮቹ መሀል የሚተወው ክፍተት ስለሚደመር የዳሩ ረድፍ መቆረጡ አይቀርም፤ ለሚሰበረውም ትርፍ ይገዛል።

አዌቱ ዳር፦ እግዜር ይስጥልኝ። «87 ደብተርና 64 እስክሪብቶ ለተማሪዎች እኩል ታድሎ 3 ደብተርና 4 እስክሪብቶ ተረፈ፤ ተማሪዎቹ ቢበዛ ስንት ናቸው?» የሚልም አለ።

ጅሬን ማዶ፦ የተረፈውን አስቀድመው ይቀንሱ፦ 84 እና 60። ት.ጋ.አ 12፣ ተማሪዎቹ ቢበዛ 12 ናቸው። «ቢበዛ» ባይል 6ም ይሆናል። 4 ግን አይሆንም፤ የተረፉት 4 እስክሪብቶዎች አንድ አንድ ይደርሷቸው ነበርና።