ለታንክስጊቪንግ ስኳር ድንች አምጪ ተባልኩ፣ እናቴ ደግሞ ጾመኛ ናት። እርዱኝ!

ጠያቂዋ (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ ታንክስጊቪንግ (የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል) የምንውለው ወንድሜ ቤት ነው፣ 14 ሰው ነን። የወንድሜ ሚስት አሜሪካዊት ናት። ምግቡን ለየሰው ስታከፋፍል ለእኔ ስኳር ድንቹ ደረሰኝ። እኔም ምን አለበት ብዬ እሺ አልኩ። ጉዱ የገባኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

አንደኛ፣ የሚስቱ እናት ከኖርዝ ካሮላይና ይመጣሉ። ለእሳቸው የበዓል ስኳር ድንች ማለት ለኛ ዶሮ ወጥ እንደማለት ነው፣ አንዴ ቀምሰው ሙያዬን ይለኩታል። ሁለተኛ፣ በዓሉ የሚውለው ኅዳር 18 ነው፣ ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ጋር ናት፣ ቅቤ የነካው ማንኪያ እንኳን አታስነካም። ሦስተኛ፣ የወንድሜ ትንሹ ልጅ ለውዝና ፒካን አለርጂ አለበት።

እሑድ ለሙከራ ሠራሁ። ድንቹን ልጬ፣ ቆራርጬ፣ ቀቅዬ ፈጨሁት። አጥሚት ሆነ! ሹካ አይቆምበትም። አንዳንዱ ቁራጭ ደግሞ ዳሩ በስሎ መሐሉ እንጨት ሆኖ ቀረ። ከላዩ የሚደረገውን ማርሽሜሎ የሚባል ለስላሳ ከረሜላም ገዝቼ ነበር፣ እህቴ "ጀላቲን እኮ ነው" ብላ አስደነገጠችኝ። እውነት ነው? በዚያ ላይ የወንድሜ ኦቨን ቀኑን ሙሉ በተርኪው (ለበዓሉ በሚጠበሰው ትልቅ ወፍ) ይያዛል፣ ከቤቴ እሱ ጋ ደግሞ 40 ደቂቃ መንገድ ነው። ምን ይሻለኛል?

የኩሽና ሰው (ቨርጂኒያ)

እህቴ ተረጋጊ፣ ያበላሸሽው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስኳር ድንች ለዚህ ምግብ አይቀቀልም። ቆራርጠሽ ውሃ ውስጥ ስትከቺው ውሃውን ይጠጣል፣ ከዚያ ብትፈጪው አጥሚት መሆኑ አይቀርም። ሆቴል ኩሽና ስገባ መጀመሪያ የተቆጡኝ በዚሁ ነው፣ አንድ ትልቅ ድስት ሙሉ ቀቅዬ።

የሚደረገው እንዲህ ነው። ከነልጣጩ እጠቢው፣ በሹካ ሁለት ሦስት ቦታ ውጊው፣ ትሪ ላይ ፎይል አንጥፈሽ ሙሉውን ኦቨን ውስጥ ክተቺው። 400 ፋራናይት ላይ ከአንድ ሰዓት እስከ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል፣ ወፍራም ከሆነ ከዚያም በላይ። መብሰሉን በሰዓት አትለኪው። ከተወጋበት ቦታ እንደ ማር ያለ ጥቁር ፈሳሽ ወጥቶ ፎይሉ ላይ ሲደርቅና ልጣጩ ከሥጋው ሲላቀቅ በስሏል ማለት ነው። ፎይሉን ከረሳሽ ግን ትሪሽን ስትፈትጊ ታመሻለሽ።

ይህ ውሃን ለመሸሽ ብቻ አይደለም። ስኳር ድንች ውስጥ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቀይር ኢንዛይም አለ። በደንብ የሚሠራው የድንቹ ውስጥ ከ60 እስከ 75 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ሲቆይ ነው። ኦቨን ውስጥ ሙሉውን ስትጠብሺው ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ጊዜ ያገኛል። ማይክሮዌቭ ግን ያንን ሙቀት በጥድፊያ ያልፈዋል፣ ለዚህ ነው የማይክሮዌቭ ስኳር ድንች ጣዕም የለሽ የሚሆነው። በቀስታ ከጠበስሽው የሚጨመረው ስኳር ግማሽ በግማሽ ይቀንስልሻል።

መሐሉ እንጨት የሆነው ግን ሌላ ነገር ነው። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠሽው ነበር?

ጠያቂዋ

አዎ! አንድ ሳምንት ሙሉ! እንዴት አወቅክ?

የኩሽና ሰው

ብርድ አይችልም። ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከቆየ መሐሉ ይደርቅና ምንም ብትቀቅዪው አይለሰልስም። ያንን ተይው፣ አዲስ ግዢ። ጨለማና አየር ያለበት ቦታ አስቀምጪው፣ እንደ ሽንኩርት።

የሶዶ ልጅ

ይቅርታ፣ ሳቄ መጥቶ ነው። ስኳር ድንች ላይ ስኳር፣ ከስኳሩ ላይ ማርሽሜሎ? እኛ ወላይታ ከነልጣጩ ቀቅለን፣ በእጃችን እየላጥን በዳጣ ነው የምንበላው። ጣፋጩና የሚያቃጥለው አፍ ውስጥ ሲገናኙ አለቀ፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም።

ለቁም ነገሩ ግን፣ ስትገዢ ዓይነቱን እዪ። አገር ቤት የለመድነው ውስጡ ነጭ የሆነው ደረቅ ነው፣ እንደ ዳቦ ያጠግባል። አሜሪካ ያለው ብርቱካናማው ውሃማና ለስላሳ ነው፣ እናንተ የምትሠሩት በሱ ነው። ሱቅ ውስጥ ያም የሚል ተጽፎበት ብታዪ አትደናገሪ፣ ያው ስኳር ድንች ነው። ዋናው ያም እኛ ቦዬ የምንለው ነው፣ ፈጽሞ ሌላ ተክል።

ጾመኛዋ (ዴንቨር)

እህትሽ ልክ ናት። ማርሽሜሎ ጀላቲን አለው፣ ጀላቲን ደግሞ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ነው የሚወጣው፣ እዚህ አገር ብዙ ጊዜ ከአሳማ። ስለዚህ ለጾሙ ብቻ ሳይሆን ከጾም ውጭም አይሆነንም። ሐላል የሚሉት አለ፣ እሱ ብዙውን ጊዜ የከብት ነው፣ ለሙስሊም ጓደኞቻችን ይሆናል፣ ለእናትሽ ጾም ግን አይሆንም። የዓሣም አለ፣ እሱን ለእናትሽ ለማስረዳት ከመሞከር ስኳር ድንቹን መተው ይቀላል። ዳንዲስ የሚባለው ከእንስሳ ነፃ ነው፣ ትልልቅ ሱቆች ውስጥ ይገኛል።

ቅቤ የሚመስሉት ማርጋሪኖች ላይም ጽሑፉን አንብቢ። ከአትክልት ዘይት የተሠራ ተብሎ ፊት ለፊት ተጽፎ፣ ከኋላ በትንንሽ ፊደል የወተት አጓት ያለበት አለ። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳላውቅ በልቼዋለሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

እኔ የምሠራውን ልስጥሽ፣ ለ14 ሰው ይበቃል፣ ሌላ ምግብ ስለሚኖር። 5 ፓውንድ ስኳር ድንች ከላይ እንደተባለው ጠብሺ። ሳይቀዘቅዝ ልጣጩን አንሺና በሹካ ፍጪው። በብሌንደር እንዳታደርጊው፣ ሙጫ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ግማሽ ኩባያ የኮኮናት ወተት፣ ጣሳውን ሳትነቀንቂ ከላይ የረጋውን ወፍራሙን ውሰጂ። 4 የሾርባ ማንኪያ የኮኮናት ዘይት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ብራውን ሹገር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈቀፈቀ ዝንጅብል። ጨውን እንዳትረሺ፣ ያለ ጨው የሕፃን ምግብ ነው የሚሆነው። እንቁላል አያስፈልግም፣ በደንብ የተጠበሰ ድንች በራሱ ይቆማል።

ከላዩ በፒካን ፋንታ አጃ አድርጊ። አንድ ኩባያ አጃ፣ ግማሽ ኩባያ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ ብራውን ሹገር፣ ሲሶ ኩባያ ዘይት፣ ቁንጥር ጨው። በእጅሽ እያሸሽ በትኚበት። 350 ላይ 30 ደቂቃ፣ ቡናማ እስኪሆን። ኮኮናቱ ለልጁ ይስማማው እንደሆነ ግን እናቱን ጠይቂ፣ በግምት አትሂጂ።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ሴትዮዋ ቅቤ እንደሌለው ያውቁብኛል አይደል? ሁለት ዓይነት ልሥራ ይሆን? አንድ የጾም፣ አንድ የፍስክ?

የደቡብ ምራት (አትላንታ)

ባለቤቴ እዚሁ አትላንታ ያደገ ስለሆነ በዚህ ጉዳይ ብዙ ተቀጥቅጫለሁ። ሁለት አትሥሪ። ሁለት ትሪ ይዘሽ ከገባሽ እናትሽ "የትኛው ነው የኔ?" እያሉ ሲሳቀቁ ነው የሚውሉት፣ ልጆች ደግሞ ማንኪያውን ከዚህ እዚያ ያደርጉታል፣ አለቀ። አንድ ሥሪ፣ ሁሉም የጾም ይሁን። ቅቤ የለውም ብለሽ አስቀድመሽ አታውጂ። ከተጠየቅሽ ግን እውነቱን ንገሪ።

ዋናው ምክሬ ሌላ ነው። አሁኑኑ ለወንድምሽ ሚስት ደውዪና እነሱ ቤት የለመዱት የቱን እንደሆነ ጠይቂ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም! ግማሹ ቤት ማርሽሜሎ ከሌለው በዓል አይመስለውም፣ ግማሹ ደግሞ ማርሽሜሎ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ሌላው ጭራሽ የተፈጨ አይፈልግም፣ በክብ በክብ ተቆርጦ በስኳርና በቅቤ ሽሮፕ የበሰለውን ነው የሚጠብቀው። እኔ የመጀመሪያው ዓመት ሳልጠይቅ በርበሬ አድርጌ ሄድኩ። አማቴ አንድ ማንኪያ ወስደው፣ ፈገግ ብለው፣ ትሪውን ቀስ አድርገው ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ገፉት። እስካሁን ይነሳብኛል።

አቋራጭ ፈላጊ

ምን ያደክማል? በጣሳ በሽሮፕ የተዘጋጀ አለ። ከፍታ ትጨምር፣ ጨረሰች።

የደቡብ ምራት

የኖርዝ ካሮላይና ሰው ፊት? አሜሪካ ውስጥ ስኳር ድንች በብዛት የሚመረተው እዚያ እኮ ነው። ለጎንደር ሰው የታሸገ ሽሮ እንደመውሰድ ነው። ይልቅ ኮቪንግተን የሚባለውን ዓይነት ፈልጊ፣ እዚያው ኖርዝ ካሮላይና የወጣ ዝርያ ነው፣ ስሙን ጠርተሽ ብትነግሪያቸው ደስ ይላቸዋል።

የልጆች እናት (ሲያትል)

ልጄ፣ ስለ ኦቨኑ ማንም አልመለሰልሽም። ረቡዕ ማታ ድንቹን ጠብሰሽ ፈጭተሽ፣ ቅመሙን ጨርሰሽ፣ የመስታወት ትሪ ላይ ደልድለሽ ፍሪጅ አስገቢው። ከበሰለ በኋላ ፍሪጅ አይጎዳውም። አጃውን ለብቻው በላስቲክ ያዢ፣ አስቀድመሽ ከበተንሽው ይረጥባል።

ሐሙስ ከመውጣትሽ አንድ ሰዓት ተኩል በፊት አውጪውና ቅዝቃዜው ይውጣለት። ቀዝቃዛ መስታወት ትኩስ ኦቨን ውስጥ ከገባ ይሰነጠቃል፣ እኔ ላይ ደርሷል፣ ከነምግቡ ነው የተደፋው። ከዚያ አጃውን በትነሽ ቤትሽ ጋግሪው፣ ከቀዘቀዘበት ስለሚነሳ 40 ደቂቃ ስጪው። በፎይል ሸፍኚ፣ በወፍራም ፎጣ ጠቅልዪ፣ በረዶ መያዣው ኩለር ውስጥ ክተቺና ክዳኑን ዝጊ። ኩለር ብርድ ብቻ ሳይሆን ሙቀትም ይይዛል፣ 40 ደቂቃ ምንም አይልሽም። ስትደርሺ ተርኪው ወጥቶ ሲያርፍ ኦቨኑ ባዶ ይሆናል፣ ያኔ ፎይሉን ገልጠሽ 10 ደቂቃ አስገቢው፣ ላዩ ኩርሽም ይላል። ማርሽሜሎ ከፈለጉ በመጨረሻው 5 ደቂቃ ነው፣ ከኦቨኑ ፊት እንዳትነሺ፣ ከቡናማ ወደ ከሰል አንድ ስልክ የማንሳት ያህል ነው።

የፎይል ትሪ የምትጠቀሚ ከሆነ ግን ከሥሩ የብረት ትሪ አድርጊ። ሲከብደው መሐሉ ይታጠፋል።

ጠያቂዋ

እትዬ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እንዳሉት አደርጋለሁ። ደውዬም ጠየቅኩ፣ ማርሽሜሎ አይወዱም፣ ተገላገልኩ! ኮኮናትም ልጁ ይበላል ተብያለሁ። ዛሬ ማታ በሁለት ፓውንድ ሞክሬው ቆሟል፣ ሹካ ብቻ ሳይሆን ማንኪያም። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። እናቴ ኮረሪማ ካልጨመርሽ ብላ ይዛኛለች። የበርበሬው ዓይነት ጣጣ ያመጣብኛል?

የኩሽና ሰው

ኮረሪማ ጨምሪ፣ እናትሽ ልክ ናቸው። እነሱም ገውዝና ቅርንፉድ ያደርጉበታል፣ ኮረሪማም ከዚያ ጣዕም ብዙ አይርቅም። ግን ለ5 ፓውንድ ሩብ የሻይ ማንኪያ ብቻ፣ አዲስ የተፈለፈለና የተወቀጠ። ከበዛ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ቀረፋውን ደግሞ ወደ ግማሽ አውርጂው፣ እንዳይጣሉ።

ጠያቂዋ (ዓርብ)

የሆነውን ልንገራችሁ። ሴትዮዋ መጀመሪያ ትንሽ ቀመሱ፣ ዝም አሉ። ልቤ ቆመ። ከዚያ "ይሄ የሚሸተው ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁ። ወንድሜ ኮረሪማን በእንግሊዝኛ ማስረዳት አቅቶት ፍሬውን ከእናቴ ቦርሳ አስወጥቶ አሳያቸው (አዎ፣ እናቴ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ነው የምትሄደው)። አሽትተው ሁለቴ ጨመሩ። ስለ ቅቤው ማንም አልጠየቀም።

እናቴ ሙሉ ሳህን ከበላች በኋላ በአማርኛ "ጥሩ ነው፣ ግን ስኳር ድንችን ምን አድርጎ ነው ኬክ ያስመሰላችሁት" አለች። የተረፈውን ሴትዮዋ ከነትሪው ወሰዱት። መስታወቷ ትሪዬ አሁን ኖርዝ ካሮላይና ናት፣ እንዴት እንደማስመልሳት የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ።