«ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት…» ትርጉሙ ምንድን ነው?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦ ሰላም ለቤቱ። «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» በሚለው ተረት ውስጥ «ይፈተፍታል» የፍትፍቱ ነው ወይስ በሰው ነገር ጣልቃ መግባቱ? «ቆማጣ»ስ ከ«ሥጋ ደዌ» እና ከ«ለምጽ» ጋር አንድ ነው?

ጦሳ (ደሴ)፦ እህት ዓለም፣ ሁለቱንም ይዟል። መነሻው ገበታ ነው፤ የታመመው ሰው እጁን ከትቶ እንጀራውን ቢፈተፍት በሽታው ለሁሉም ይደርሳል የሚል ፍርሃት ነው። ከዚያ ወደ «በማያገባው ገብቶ ይፈተፍታል» ሰፋ። ዛሬ ሲተረት «አጥፊን በስሙ ካልጠሩት ይደፍራል» ለማለት ነው። «ቆማጣ» ደግሞ የሚናገረው ስለ መልክ ነው፤ ቁምጣ ሱሪን፣ ቆመጥ ዱላን እዪ፣ ሁሉም ማጠርን ነው የሚያሳዩት። ጣቱ ያጠረ ሰው ማለት ነው።

አዝዋ ገደል (ደሴ)፦ ጋሽ ጦሳ ልክ ብለዋል፤ ግን ተረቱ የቆመበት ፍርሃት ሐሰት መሆኑ ከፍቺው ጎን መጻፍ አለበት። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሥጋ ደዌ ሲያክም በኖረበት አገር ይህን መዝለል አይገባንም። ባክቴሪያው ጣት አይቆርጥም። ነርቭ ውስጥ ገብቶ ስሜትን ያጠፋል፤ የጋለ ጀበና የያዘ እጅ መቃጠሉን ሳያውቅ ይቆስላል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ አጥንቱ እየሟሸሸ ያጥራል። አብሮ በመብላት አይተላለፍም። የሚተላለፈው መድኃኒት ካልጀመረ ሰው አፍና አፍንጫ በሚወጣ ፍንጣቂ፣ ለረጅም ጊዜ ተቀራርቦ በመኖር ነው፤ ያም ሆኖ አብዛኛውን ሰው ተፈጥሮው ይከላከልለታል። ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን፣ እንደ ዓይነቱ ለ6 ወይም ለ12 ወር ተወስዶ ይድናል።

«ለምጽ» ብዙ ያሳስታል። ሰፈር ውስጥ ለምጽ የሚባለው ወተት የመሰለው ንጣት ስሜቱ አይጠፋም። የሥጋ ደዌ ምልክት ፈዘዝ ወይም ቀላ ያለ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ የጥጥ ጫፍ ይሾላል፣ መጀመሪያ ጤነኛ ቆዳ ላይ ይለማመዱበታል፣ ከዚያ ምልክቱ ላይ ሲነካ ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ የተነካበትን በጣቱ ያሳያል፤ ካላወቀው ስሜቱ ጠፍቷል ማለት ነው። ጥጡ ነካ ተደርጎ ይነሳ እንጂ አይጎተት።

ቦርከና፦ እግዜር ይስጥልኝ። «የሃንሰን በሽታ» የሚሉትስ?

ጢጣ፦ ስሙ የኖርዌዩ ሐኪም የጌርሃርድ አርማወር ሃንሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1873 በበርገን ከታማሚዎች እብጠት ውስጥ ዘንግ መሰል ባክቴሪያዎችን አየ። አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል ግቢ ያለው የምርምር ተቋምም በስሙ ይጠራል። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮህ በ1882 የቲቢን ባክቴሪያ ሲያሳውቅ ከሰው ውጭ አሳድጎ ማሳየት ችሎ ነበር፤ ሃንሰን ግን አልተሳካለትም፣ እስከ ዛሬም በሰው ሠራሽ ምግብ ላይ ያሳደገው የለም። በ1960 የአይጥ መዳፍ ላይ፣ በ1971 ደግሞ አርማዲሎ በሚባል ቅርፊታም የአሜሪካ እንስሳ አካል ውስጥ ማራባት ተቻለ። በሰው ሠራሽ ምግብ ላይ የማያድግበትን ምክንያት ያብራራው የዘረመል ተመራማሪው የስቱዋርት ኮል ቡድን ሥራ ነው። የቲቢው ዘረመል በ1998 ሲነበብ 4,000 ያህል ጂን ተገኘበት፤ በ2001 የተነበበው የሥጋ ደዌው የሚሠራ ጂኑ 1,600 ገደማ ብቻ ነው፣ ከ1,100 በላይ የሚሆነው ተበላሽቶ ቀርቷል። ራሱን ችሎ መኖር ስለማይችል ሌላ አካል ይፈልጋል። ቲቢው በ20 ሰዓት ገደማ እጥፍ ሲሆን እሱ ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል።

ሁለቱ ባክቴሪያዎች ዘመድ ናቸው ብሎ ላብራቶሪ ላይ እኩል ማየት ግን ጉዳት አለው። ሁለቱም ካርቦል ፉክሲን በሚባል ቀለም ቀይ ይሆናሉ። ለቲቢ አክታ የማጠቢያው አሲድ አልኮል 3 በመቶ ሲሆን ለሥጋ ደዌ 1 በመቶ ነው፤ ይኸኛው ቀለሙን ቶሎ ስለሚለቅ በ3ቱ ከታጠበ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ተብሎ ይጻፋል። ናሙናው ከጆሮ ታችኛው ጫፍ ሲወሰድ ቆዳው ደም እስኪሸሽ በጣት ይቆነጠጣል፣ 5 ሚሊሜትር ርዝመትና 2 ሚሊሜትር ጥልቀት ይሰነጠቃል፣ በምላጩ ጎን ይፋቃል። ደም ከገባበት ስላይዱ አይነበብም።

ጦሳ፦ «ሳንባ ነቀርሳ»ንም አብራችሁ መዝግቡ። «የጡት ነቀርሳ» ካንሰር ነው፣ «ሳንባ ነቀርሳ» ግን ቲቢ ነው። ታማሚው ካንሰር መስሎት ተስፋ እንዳይቆርጥ «ቲቢ» ማለቱ ይሻላል። ባክቴሪያው መድኃኒቱን የለመደ ካልሆነ በ6 ወር ይድናል፤ 2 ወር በአራት መድኃኒት፣ 4 ወር በሁለት።