ጥቆማ፦ የሃዋይ ደሴቶችን በእግር ለማየት አስጎብኚ ድርጅት ይሻላል ወይስ በራስ መዘዋወር?

ተጓዥ ከሜሪላንድ፦
ጤና ይስጥልኝ። በመጪው ግንቦት እኔና ባለቤቴ የ12 ቀን የዓመት ፈቃድ ወስደን ካዋይን፣ ኦዋሁን፣ ማዊንና ትልቁን የሃዋይ ደሴት በእግር እየተጓዝን ለማየት አስበናል። ሁለታችንም ሃምሳን ያለፍን ብንሆንም ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሳንቃበር ተነሥተን በሰሜን ተራሮች ሦስት ቀን ስለሄድን ለዳገት እንግዳ አይደለንም። መጠየቅ የፈለግሁት፣ መሪውንም መኪናውንም ማደሪያውንም በአንድ ላይ የሚያዘጋጅ ድርጅት መያዝ ይሻላል ወይስ መኪና እየተከራዩ በራስ መዘዋወር የሚለውን ነው። ጭቃና ዝናብ የሚችል ጫማም ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።

ባለ ካርታው፦
በራሳችሁ ብትሄዱ ይሻላል፤ አራት ደሴት ግን ይበዛባችኋል። በእነዚህ በአራቱ መካከል ሰው የሚያመላልስ መርከብ ስለሌለ ጉዞው በአውሮፕላን ነው። ሃዋይያን አየር መንገድም ሳውዝዌስትም ይበራሉ፤ ዋጋቸውን ስታነጻጽሩ የሻንጣውን ክፍያ ደምራችሁ ይሁን። በረራው ከአንድ ሰዓት በታች ቢሆንም አንዱን መኪና መልሶ፣ ፍተሻ አልፎ፣ ሌላውን መኪና እስኪረከቡ ድረስ ግማሽ ቀን ያልቃል።

የተቆጨው፦
ድርጅት የሚባል ነገር አይልመድባችሁ። እኔ ካዋይ ላይ ለአራት ሰው ሙሉ ክፍያ ከፍዬ፣ ልጆቼን ከእንቅልፍ ቀስቅሼ መሰብሰቢያው ቦታ ከደረስን በኋላ «ወንዙ ሞልቷል፣ ጉዞው ተሰርዟል» ተባልን። ገንዘቤን ስጠይቅ በአንድ ዓመት ውስጥ ተመልሼ የምጠቀምበት ኩፖን ሰጡኝ። ከቦስተን ካዋይ በየዓመቱ የሚመላለስ ማን አለ? ስማቸውን ማንሣት አልፈልግም፤ እነርሱ ግን ራሳቸውን ያውቃሉ።

ዝምተኛው፦
በዓለም ላይ ዝናብ በብዛት ከሚጥልባቸው ቦታዎች አንዱ የሆነው የዋይአሌአሌ ተራራ መካከሉ ላይ ወደ ቆመበት ደሴት ሄዶ ዝናብ ጉዞዬን አበላሸው ማለት፣ ዳሎል ወርዶ ሞቀኝ ብሎ እንደ መክሰስ ነው።

የተቆጨው፦
ወንድሜ፣ እኔ ዝናቡን አልከሰስኩም። ገንዘቤን ነው የጠየቅሁት።

ነርሷ፦
ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። ካዋይ ላይ ያለው የሃናካፒአይ ወንዝ ላይኛው ሸለቆ ላይ ሲዘንብ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞላል፤ ሊሻገሩት ሲሞክሩ ውኃ የወሰዳቸው ሰዎች ስላሉ ጉዞውን መሰረዛቸው ትክክል ነበር። ገንዘቡ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በክሬዲት ካርድ ከፍለው ከሆነ፣ የስረዛውን መልእክትና ሲፈርሙ የተሰጠዎትን ውል አያይዘው ካርዱን ለሰጠዎ ባንክ አቤቱታ ያቅርቡ።

የተቆጨው፦
ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ እኅቴ።

የኮስኮ ወዳጅ፦
ይህ ሁሉ ክርክር የመጣው ኮስኮን፣ በአባልነት የሚገዛበትን ትልቅ መደብር፣ ስለማታውቁት ነው። መኪናውን በጉዞ ክፍሉ፣ በኮስኮ ትራቭል፣ ብትይዙት ሐሳባችሁን ስትቀይሩ ያለ ቅጣት ትሰርዙታላችሁ። መደብሩ ደግሞ የጠቀሳችኋቸው አራቱም ደሴቶች ላይ ስላለ ስንቃችሁን ከዚያው መግዛት ነው። ጫማውም የዝናብ ልብሱም እዚያው ይገኛል።

ባለ ካርታው፦
በየትኛው ደሴት ላይ በየትኛው ጫማ እንደሄዱ ቢነግሩን ጥሩ ነበር።

የኮስኮ ወዳጅ፦
ሃዋይ ሄጄ አላውቅም። ኮስኮ ግን 19 ዓመት አባል ነኝ።

ሠናይት ዘቬጋስ፦
እኛ ዋይኪኪ ባሕሩ ዳር ያለ ሆቴል ይዘን ስምንት ቀን ከመዋኛው ሳንወጣ ተመለስን፤ በጣም ደስ ይላል። ሆቴል ስትይዙ ቁርስ ያለበትን ምረጡ።

ዝምተኛው፦
ለእግር ጉዞ ጥያቄ የተሰጠ የመጀመሪያው የመዋኛ ምክር።

የድንጋይ ተማሪ፦
ስነ ምድር ስለተማርኩ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ይቅርታ አድርጉልኝ። እነዚህ ደሴቶች የተወለዱት ከሥር የቀለጠ ድንጋይ ከሚወጣበት ከአንድ ትኩስ ቦታ በላይ የፓስፊክ ቅርፊት ወደ ሰሜን ምዕራብ እየተንሸራተተ ሲሄድ ነው። ስለዚህ ቀድሞ ተወልዶ ከቦታው የራቀው ካዋይ አምስት ሚሊዮን ዓመት ገደማ የቆየ፣ ዝናብ የሸረሸረው፣ ገደሉና ሸለቆው ሁሉ አረንጓዴ የለበሰ ነው፤ ትልቁ ደሴት ደግሞ አንድ ሚሊዮን ዓመት ያልሞላውና እስከ ዛሬ በመሠራት ላይ ያለ ነው። 12 ቀን ብቻ ካላችሁ ሽማግሌውንና ሕፃኑን ብታዩ መሃሎቹ ቢቀሩም አይቆጫችሁም።

ትልቁ ደሴት ላይ ኪላዌያ ኢኪ የተባለውን የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ አትዝለሉት። በ1959 ቀልጦ የተኛው የላቫ ሐይቅ ዛሬ ጠንክሮ መንገድ ሆኗል። ዙሩ 5 ኪሎ ሜትር ተኩል አይሞላም። መጀመሪያ በትልልቅ ፈርኖች ጥላ ሥር ትወርዱና ድንገት እንደ ተሰነጠቀ አስፋልት ጥቁር በሆነ ሜዳ ላይ ትወጣላችሁ፤ ከስንጥቁ እንፋሎት ይወጣል፤ እጃችሁን ብታስጠጉ ይሞቃል፤ እዚያው ስንጥቅ ውስጥ ደግሞ ቀይ አበባ ያላት ትንሽ የኦሂያ ችግኝ በቅላ ታገኛላችሁ። ለዚህ መሪ አያስፈልግም።

የምታስፈልጋችሁ ቅድመ ምዝገባ ናት፤ የትኛውም ድርጅት ከሷ አያድናችሁም። ካዋይ ላይ የካላላው የእግር መንገድ ወደሚነሣበት የሃኤና ፓርክ፣ የሃዋይ ነዋሪ ያልሆነ ሰው ሳይመዘገብ አይገባም፤ ምዝገባው ከ30 ቀን በፊት ይከፈታል፤ ቶሎም ያልቃል። ሃናካፒአይ ባሕር ዳር ደርሶ መመለስ 6 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፣ ከዚያ አልፎ እስከ ካላላው ለመሄድና ለማደር የድንኳን ፈቃድ ይጠየቃል። ማዊን ካልተዋችሁ፣ 3,055 ሜትር ከፍታ ካለው ከሃለአካላ ተራራ ጫፍ ፀሐይ ስትወጣ ለማየት በአገራችን አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት የሚገባ መኪና ሁሉ አስቀድሞ ቦታ መያዝ አለበት። እዚያ ላይ የሚበርደው እንደ ሰሜን ተራሮች ነውና ጋቢ ቢጤ ያዙ።

ስለ ጫማው፣ ወንዝ በእግር ስለምትሻገሩ ውኃ አያስገባም የተባለውም ይሞላል፤ አንዴ ከሞላም አያፈስም። የሚያሳስበው ሶሉ ነው። ቶሎ የሚደርቅ፣ ጭቃ የሚቆነጥጥ፣ ሹል ድንጋይ የማይበሳው ሶል ያለውን ምረጡ።

የተቆጨው፦
ይህን ያህል የሚያውቅ መሪ ቢኖረን ኖሮ እኔም በኩፖን አልቀርም ነበር።

እማማ ቡና፦
ልጆቼ፣ ትልቁ ደሴት ላይ ኮና ከደረሳችሁ ቡናውን ተጠንቅቃችሁ ግዙ። «የኮና ድብልቅ» የሚል ማሸጊያ ለዓመታት ሲሸጥ የኖረው አንድ አሥረኛው ብቻ የኮና ፍሬ ሆኖ ነው፤ «መቶ በመቶ ኮና» የሚለውን ፈልጉ። እኔ ከገበሬው ጥሬውን ገዝቼ ራሴ ቆላሁት። ለስላሳ ነው፤ እንደ ይርጋ ጨፌ ግን አይሸትም።

የኮስኮ ወዳጅ፦
እማማ፣ ጥሬ ቡና ኮስኮም ይኖረዋል ብዬ እገምታለሁ።

ዝምተኛው፦
ላቫውንስ?

ተጓዥ ከሜሪላንድ፦
ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። ከባለቤቴ ጋር ሁሉንም አንብበን፣ በመካከሉም ጥቂት ተከራክረን፣ ትኬቱን ትናንት ማታ ቆርጠናል። አንድ ነገር ቀርቶናል፤ እማማ የጻፉትን ካነበበች ጀምሮ ባለቤቴ ጀበና ካልያዝን አልሄድም ብላለች። የሻንጣ ክፍል ቢገባ ይተርፋል?

እማማ ቡና፦
አይተርፍም። ባዶውን፣ በነጠላ ጠቅልላችሁ፣ በእጅ ሻንጣ ያዙት። የእኔ የተሰበረው አንገቱ ላይ ነውና አንገቱን በካልሲ ሙሉት።